ባሕርና ዱር በአንድ ጉዞ

(ገላጭ ድርሰት)

መግቢያ

ተማሪዎች! ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚከናወንና ለምን እንደሚሆን በቅደም ተከተል የሚያስረዳ የድርሰት ዓይነት ነው። ተራኪ ድርሰት «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ገላጭ ድርሰት ግን «ይህ ለምን ሆነ?» የሚለውን ይመልሳል። ስለሆነም የገላጭ ድርሰት ጸሐፊ በመጀመሪያ የሚያስረዳውን ነገር በግልጽ ይለያል፤ ከዚያም ምክንያትን ከውጤት ጋር እያያዘ፣ የቀለለውን አስቀድሞ የከበደውን አስከትሎ ያቀርባል።

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ የዚህ ዓይነት ድርሰት ነው። የሚያስረዳውም በደቡብ አፍሪካ በባሕር ዳር ዓሣ ነባሪን፣ በየብስም የዱር አራዊትን በአንድ ጉዞ ስለ ማየት ነው። በምንባቡ ውስጥ ዓመተ ምሕረቶቹ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የወሮቹ ስም ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. ዓሣ ነባሪ ዓሣ ነውን?
2. «ክረምት» የሚለውን ቃል ስትሰሙ በመጀመሪያ የሚታሰባችሁ ዝናብ ነው ወይስ ብርድ?
3. የዱር እንስሳትን ለማየት የሚቀለው በዝናብ ወራት ይመስላችኋል ወይስ በደረቅ ወራት? ለምን?

ምንባብ

ሀ. የሁለት ስሞች ታሪክ

«ሳፋሪ» የሚለው ቃል ከስዋሂሊ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ጉዞ ማለት ነው። ስዋሂሊም ቃሉን የወሰደው ከዐረብኛ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የመጡ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን አዳኞች ቃሉን ወስደው «ለአደን የሚደረግ ጉዞ» በሚል ትርጉም አሠራጩት። በዚያን ዘመን ሳፋሪ የሚወጣ ሰው ጠመንጃ ይዞ ይሄድ ነበር፤ ሲመለስም የዝሆን ጥርስ፣ የአንበሳ ቆዳ ወይም የጎሽ ቀንድ ያስጭን ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሳፋሪ ወጪ የሚይዘው ካሜራና አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ነው። ቃሉ ያው ቃል ነው፤ የሚያመለክተው ሥራ ግን ተለውጧል።

ሁለተኛው ስም የባሕር ነው። በደቡብ ንፍቀ ክበብ ውቅያኖሶች ውስጥ የሚኖር አንድ ታላቅ ዓሣ ነባሪ አለ። የእንግሊዝኛ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ትክክለኛው ዓሣ ነባሪ» ማለት ነው። ትክክለኛነቱ ለማን ነው ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ለአዳኙ» የሚል ነው። ይህ እንስሳ በዝግታ ይዋኛል፤ ወደ ዳርቻ ይጠጋል፤ ጮማው ብዙ ስለሆነም ሲሞት አይሰጥምም፣ ይንሳፈፋል። ከጮማው የመብራት ዘይት ይወጣ ነበር። በላይኛው መንጋጋው ላይ እንደ መጋረጃ ከተንጠለጠሉት ረጃጅም ቀንድ መሰል ስሶችም የጃንጥላ ዘንግና የሴቶች ልብስ ማጠንከሪያ ይሠራ ነበር። እንግዲህ ለአዳኝ ከዚህ የበለጠ የተመቸ እንስሳ አልነበረም።

ሁለቱም ስሞች የአደን ዘመን ማስታወሻዎች ናቸው። ዛሬ ግን አንድ መንገደኛ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጠዋት ከባሕር ዳር ገደል ላይ ቆሞ ዓሣ ነባሪን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ከመኪና መስኮት ዝሆንን ለማየት ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው የወቅት ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው የጥበቃ ጉዳይ ነው። ሁለቱን በየተራ እንመልከት።

ለ. ዓሣ ነባሪው ወደ ዳርቻ የሚመጣበት ምክንያት

በአማርኛ «ዓሣ ነባሪ»፣ በመጻሕፍትም «ዓሣ አንበሪ» ተብሎ ይጠራል እንጂ እንስሳው ዓሣ አይደለም። በሳንባ ይተነፍሳል፤ ግልገል ይወልዳል፤ ወተትም ያጠባል። ስለዚህ እንደ ላምና እንደ ዝሆን አጥቢ እንስሳ ነው። ትክክለኛው ዓሣ ነባሪ ሲያድግ ርዝመቱ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በጀርባው ላይ ክንፍ የለውም። በራሱ ላይ ግን ሻካራና ነጣ ያሉ የጠነከረ ቆዳ እብጠቶች አሉት። የእነዚህ እብጠቶች አቀማመጥ እንደ ሰው የጣት አሻራ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ሊቃውንት ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ እያነሡ እያንዳንዱን ለይተው ያውቁታል። በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ይህ የአየር ላይ ቆጠራ ከ1969 ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል።

ይህ ዓሣ ነባሪ በዓመቱ ውስጥ ሁለት መኖሪያ አለው። የሚመገበው በስተደቡብ በቀዝቃዛው ውቅያኖስ ነው። ምግቡም፣ የአካሉን ግዝፈት ለሚያይ ሰው የሚያስገርም ቢሆንም፣ በዐይን ለማየት እንኳ የሚያስቸግሩ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። አፉን ከፍቶ ውሃውን ያስገባል፤ ውሃው በስሶቹ መካከል ሲወጣ ምግቡ እንደ ወንፊት ላይ ዱቄት ተጣርቶ ይቀራል። ሰኔ ሲደርስ ግን መመገቢያውን ትቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከማዕበል የተጠለሉትን የደቡብ አፍሪካ ባሕረ ሰላጤዎች ይፈልጋል። እናቶች የሚወልዱትና ግልገሎቻቸውን የሚያሳድጉት በእነዚህ ጸጥተኛ ውሃዎች ነው። እናቲቱ በዚህ ጊዜ ምግብ የምታገኘው ከቶ በጥቂቱ ነው፤ የምታጠባው በደቡብ ሳለች ካከማቸችው ጮማ ነው። እስከ ኅዳር ድረስም ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ መጡበት ይመለሳሉ።

ስለዚህ ከሰኔ እስከ ኅዳር፣ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፣ ተመልካች ዓሣ ነባሪን ፍለጋ ወደ ጥልቅ ባሕር መሄድ አያስፈልገውም። ከኬፕታውን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሄርማነስ የተባለች ትንሽ ከተማ በዚህ ምክንያት ታዋቂ ሆናለች። በከተማይቱ ዳር ዳር በገደሉ አፋፍ ላይ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የእግር መንገድ ተዘርግቷል። ከ1992 ጀምሮም ከተማይቱ የራስዋ የዓሣ ነባሪ ዐዋጅ ነጋሪ አላት። ነጋሪው ከደረቀ የባሕር አረም የተሠራ መለከት ይዞ በዳርቻው እየተመላለሰ፣ ዓሣ ነባሪ በታየ ጊዜ ይነፋል። በስተምሥራቅ በሚገኘው በዴ ሁፕ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ደግሞ ተመልካቹ በነጫጭ የአሸዋ ኮረብቶች ላይ ተቀምጦ እናቶችን ከነግልገሎቻቸው ያያል።

በመጀመሪያ የሚታየው ትንፋሹ ነው። እንስሳው ሁለት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ስላሉት፣ ሲተነፍስ የሚወጣው ጭጋግ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ባላ እንጨት ወደ ላይ ይቆማል። ከዚያ ጥቁሩ ጀርባ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜም ያ ሁሉ ክብደት ከውሃው ተስፈንጥሮ ይወጣና በጎኑ ይወድቃል፤ የመውደቁ ድምፅ ለተመልካቹ የሚደርሰው ዐይኑ ካየ ከጥቂት ቅጽበት በኋላ ነው።

ሐ. «ክረምት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

የመንገደኛውን ሁለተኛ ክፍል፣ ማለትም የየብሱን ሳፋሪ፣ ለመረዳት በቅድሚያ አንድ ቃል ማጥራት ይገባናል። እኛ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች «ክረምት» ስንል በዋነኛነት የምናስበው ዝናብን ነው። «በጋ» ስንልም ድርቀትን እናስባለን። በእንግሊዝኛ «ዊንተር» የሚባለው ወቅት ግን የሚለየው በብርድ ነው። ብዙ ጊዜ «ዊንተር»ን «ክረምት» ብለን እንተረጉማለን፤ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ሁልጊዜ አይገጥምም።

ደቡብ አፍሪካ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። አገሪቱ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ስለምትገኝ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያሉት ወራት በአገሪቱ ሁሉ የብርድ ወራት ናቸው። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ፣ በኬፕታውንና በሄርማነስ አካባቢ፣ ዝናቡም የሚጥለው በዚሁ ጊዜ ነው። እዚያ «ክረምት» የሚለው ቃላችን በሚገባ ይስማማል። በሰሜን ምሥራቅ፣ ታላቁ የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በሚገኝበት ቆላ፣ ሁኔታው የተለየ ነው። እዚያ ዝናቡ የሚመጣው በሙቀቱ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው፤ የብርዱ ወራት ደረቅ ናቸው። እንግዲህ በአንድ አገር፣ በአንድ ወር፣ አንዱ ሥፍራ ክረምት ሲሆን ሌላው በጋ ነው ማለት ነው።

ለእንስሳት ተመልካች የሚበጀው ይኸው ደረቅ ወቅት ነው። ምክንያቶቹም ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ሣሩ ያጥራል፣ ቁጥቋጦውም ቅጠሉን ያራግፋል፤ በዝናብ ወራት በሃያ እርምጃ ርቀት ተሰውሮ የሚቀረው አንበሳ አሁን ከሩቅ ይታያል። ሁለተኛ፣ በየሜዳው የነበረው ኩሬ ይደርቃል፤ ስለሆነም ዝሆኑ፣ ጎሹ፣ የሜዳ አህያውና አጋዘኑ በቀሩት ወንዞችና ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ። አዳኝ አራዊትም ይህን ስለሚያውቁ ከዚያው አይርቁም። ሦስተኛ፣ የወባ ትንኝ ይቀንሳል፤ ክሩገር የወባ አገር ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ሁለቱን የወቅት መቁጠሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። ዓሣ ነባሪዎቹ በዳርቻ የሚቆዩት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። የክሩገር ደረቅ ወቅት ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። ሁለቱ የሚደራረቡት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን፣ ከሁሉ የሚመረጡት ነሐሴና መስከረም ናቸው። በእነዚህ ሁለት ወራት በባሕሩ ግልገሎቹ በርክተዋል፤ በዱሩም ውሃው እጅግ አንሷል። የመንገደኛው ጉዞ የተመሠረተው በዚህ መደራረብ ላይ ነው።

መ. የጥበቃ ጉዳይ

ይሁን እንጂ ወቅቱ ቢገጥምም የሚታይ እንስሳ ከሌለ ጉዞው ከንቱ ነው። ሁለቱም እንስሳት ከመጥፋት ጥቂት እርምጃ ብቻ ቀርቷቸው ነበር።

ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የፈረንሣይ መርከቦች ለመውለድ ወደ ባሕረ ሰላጤዎቹ የሚገቡትን ዓሣ ነባሪዎች እየጠበቁ በጦር ይወጉ ነበር። የሚገደሉት እናቶች ስለነበሩ ጉዳቱ ድርብ ነበር፤ አንዲት እናት ስትሞት የሚሞተው ግልገሏም፣ ወደፊት የምትወልደውም ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቡብ ንፍቀ ክበብ በሙሉ የቀሩት በጥቂት መቶ የሚቆጠሩ ብቻ እንደ ነበሩ ይገመታል። በ1935 ሥራ ላይ የዋለ ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህን ዓሣ ነባሪ መግደልን ከለከለ። ከክልከላው በኋላም በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት መርከቦች በስውር ከ3,000 በላይ ገድለዋል፤ ይህም በይፋ የታወቀው በ1990ዎቹ ነው። በደቡብ አፍሪካ የመጨረሻው የዓሣ ነባሪ ማረጃ ጣቢያ በደርባን የተዘጋው በ1975 ነው። ከዚያ ወዲህ በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ የዚህ እንስሳ ቁጥር ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ በመቶ 7 ያህል እየጨመረ ሄደ።

የዝሆኑን ታሪክ ለመረዳት ደግሞ ወደ አዶ እንሂድ። አዶ የሚገኘው በደቡባዊው ዳርቻ፣ ቀድሞ ፖርት ኤልዛቤት ትባል ከነበረችው፣ ከ2021 ጀምሮ ግን ቀበርሃ ተብላ ከምትጠራው የወደብ ከተማ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ የሰፈሩት ገበሬዎች ዝሆኖች ሰብላቸውን ስለሚያጠፉባቸውና የውሃ ማቆሪያቸውን ስለሚሰብሩባቸው ለመንግሥት አቤት አሉ። መንግሥትም በ1919 አንድ አዳኝ ቀጠረ፤ አዳኙም ከ100 በላይ ዝሆኖች ገደለ። በ1931 አዶ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ሲቋቋም የቀሩት ዝሆኖች 11 ብቻ ነበሩ።

ፓርክ ብሎ መሰየም ግን ብቻውን ዝሆንን አላዳነም። አጥር ስላልነበረ ዝሆኖቹ እየወጡ ወደ እርሻ ይገቡ ነበር። ከዚያ እንዳይወጡ ለማባበል ብርቱካን ይቀርብላቸው ጀመር። ዝሆኖቹ ብርቱካኑን ወደዱት፤ ይሁን እንጂ እርስ በርሳቸው ይጣሉበት፣ መኪናም ባዩ ቁጥር ብርቱካን ይጠብቁ ጀመር። በመጨረሻ የፓርኩ ኃላፊ ከአሮጌ የትራም ሐዲድና ከአሳንሰር ሽቦ ገመድ አጥር ሠራ፤ አጥሩም በ1954 ተፈጸመ። በዚያን ጊዜ ዝሆኖቹ 22 ደርሰው ነበር። ብርቱካን መስጠቱም በ1970ዎቹ ቀረ። ዛሬ በአዶ ከ600 በላይ ዝሆኖች ይኖራሉ። በ2003 አንበሶች ተመልሰው ገቡ። በ2019 ደግሞ ከፓርኩ ጋር የሚዋሰነው የባሕር ክፍል ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ታወጀ። ስለዚህ ዛሬ በአዶ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ነብር፣ ጎሽና አውራሪስ በየብስ፣ ዓሣ ነባሪና ታላቁ ነጭ ሻርክ ደግሞ በባሕር ይገኛሉ፤ አገሬው ባንድነት «ሰባቱ ታላላቆች» ይላቸዋል።

ሠ. ጉዞው እንዴት ይደራጃል?

ከፍ ብሎ ከተገለጸው የተነሣ መንገደኛው ሁለት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው ከሄርማነስ ተነሥቶ የዳርቻውን አውራ ጎዳና ይዞ ወደ ምሥራቅ በመጓዝ አዶ መድረስ ነው። መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በሁለት ቀን ከፍሎ መሄድ ይሻላል። አዶ ከወባ ነጻ ስለሆነ ሕፃናት ላሏቸው ቤተ ሰቦች ይመረጣል። ሁለተኛው ምርጫ ባሕሩን አይቶ ወደ ክሩገር መሄድ ነው። ርቀቱ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ይህን የሚመርጥ ሰው በአውሮፕላን ቢሄድ ይሻለዋል። ወጪው ይከብዳል፤ ሆኖም ክሩገር 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው በመሆኑ የሚታየውም ብዙ ነው።

በማናቸውም ምርጫ በባሕሩ ዳርቻ ቢያንስ ሦስት ቀን መመደብ ይገባል። በብርዱ ወራት በዳርቻው ዝናብና ማዕበል ስለሚበዛ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሊበላሽ ይችላል፤ ነፋስ የረጋበት ማለዳ ሲገኝ ግን ትንፋሹ ከሩቅ ይታያል። በዱሩም ቢያንስ ሦስት ቀን ያስፈልጋል። አንበሳና ነብር በማለዳና በምሽት ስለሚንቀሳቀሱ የፓርኩ በር እንደ ተከፈተ መግባት ይበጃል፤ ማለዳው ብርቱ ስለሆነም ወፍራም ልብስ መያዝ አይዘንጋ። ቀትር ሲሆንና ሙቀቱ ሲበረታ ደግሞ በውሃው አጠገብ መኪናን አቁሞ መጠበቅ ነው። ዝሆን ፈላጊውን ሳይሆን ጠባቂውን ይጎበኛል።

ረ. የተመልካች ሥርዓት

በባሕርም ሆነ በዱር ለተመልካች የተደነገገ ሥርዓት አለ። እያንዳንዱ ደንብ ምክንያት ስላለው ደንቡን ከምክንያቱ ጋር አያይዞ ማወቅ ይጠቅማል።

በደቡብ አፍሪካ ሕግ ፈቃድ የሌለው ጀልባ ወደ ዓሣ ነባሪ ከ300 ሜትር በላይ መቅረብ አይችልም። ፈቃድ ያለው እስከ 50 ሜትር ይቀርባል፤ ግልገል ወዳላት እናት ግን መጠጋት ክልክል ነው። ይህ የሆነው እናቲቱ ስንቋ የተወሰነ ስለሆነ ነው፤ ከጀልባ ለመሸሽ የምታጠፋው ኃይል ከግልገሏ ወተት ላይ የሚቀነስ ነው። በክሩገር መኪና ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ አይነዳም፤ ከተፈቀደ ሥፍራ በስተቀርም ከመኪና መውረድ አይቻልም። እንስሳቱ መኪናን እንደ አንድ ጉዳት የሌለው ፍጥረት ለምደውታል፤ ሰው በእግሩ ሲቆም ግን ወይ ይሸሻሉ፣ ወይ ያጠቃሉ። በአዶ ብርቱካንና ሎሚ ይዞ መግባት ዛሬም የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱን ከላይ አንብባችኋል። በዚያው ፓርክ መንገድ ላይ የወደቀ የዝሆን ፋንድያ ሲያጋጥም አሽከርካሪው ዞሮ ማለፍ አለበት። በፋንድያው ላይ መብረር የማይችል ብርቅ ጥንዚዛ ስለሚሠራ ቅድሚያው የእርሱ ነው።

ሰ. አጥር የማይደርስበት

አንባቢ እስከዚህ ድረስ ሲያነብ «እንግዲያማ ሁለቱም ድነዋል፤ ነገሩ አልቋል» ብሎ ሊያስብ ይችላል። የዝሆኑን ቁጥር ላየ ይህ አስተያየት እውነት ይመስላል። የዓሣ ነባሪው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው።

ከ2010 ገደማ ወዲህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዳርቻ የሚመጡት ዓሣ ነባሪዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ይዋዥቅ ጀመረ፤ በአንዳንድ ዓመታትም በእጅጉ አነሰ። ቀድሞ አንዲት እናት በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ትወልድ ነበር፤ አሁን ብዙዎቹ የሚወልዱት በአራት ወይም በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ሆኗል። ሊቃውንት ከአየር ላይ ያነሡትን ፎቶግራፍ ከ1980ዎቹ ጋር ሲያስተያዩ እናቶቹ ከስተው አገኟቸው። ይህንንም በደቡቡ ውቅያኖስ የአየር ንብረት ከመለወጡ የተነሣ ምግባቸው ከደረሰበት ለውጥ ጋር ያያይዙታል።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዝሆኑን ለማዳን ጠመንጃን ማስቀመጥና አጥር ማጠር በቂ ሆኖ ነበር፤ ግጦሹ ከአጥሩ ውስጥ ነውና። ዓሣ ነባሪውን ለማዳንም ጦርን ማስቀመጥ አስፈላጊ ነበር፤ ነገር ግን ግጦሹ ከዳርቻው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ባሕር ውስጥ ነው፤ ያንን ባሕር የሚያጥር ሐዲድም ሆነ ሽቦ የለም። ስለዚህ በሄርማነስ ገደል ላይ የቆመ ተመልካች የሚያየው እንስሳ ከአዳኝ እጅ ያመለጠ ነው፤ ከሰው ሥራ ውጤት ግን ገና አላመለጠም። ዐዋጅ ነጋሪው መለከቱን በነፋ ቁጥር የሚያበሥረው አንድ እንስሳ መታየቱን ብቻ አይደለም፤ አንዲት እናት ዘንድሮም የሚበቃ ስንቅ አግኝታ መድረሷን ጭምር ነው።

መልመጃ 1፦ የመረዳት ጥያቄዎች

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልሱ።

1. «ሳፋሪ» የሚለው ቃል በአዳኞች ዘመን የነበረው ትርጉም ዛሬ ካለው በምን ይለያል?
2. ይህ ዓሣ ነባሪ «ትክክለኛ» የተባለባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሩ።
3. «ዊንተር»ን ሁልጊዜ «ክረምት» ብሎ መተርጐም የማያስኬደው ለምንድን ነው? ከምንባቡ ምሳሌ ጥቀሱ።
4. ለዝሆኖቹ ብርቱካን መስጠት ለጊዜው ምን ጥቅም፣ ውሎ አድሮስ ምን ጉዳት አስከተለ?
5. «ዝሆን ፈላጊውን ሳይሆን ጠባቂውን ይጎበኛል» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

መልመጃ 2፦ ቃላት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍቺ ጻፉ፤ በእያንዳንዳቸውም አንዳንድ ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።

ጮማ፣ ዳርቻ፣ ስንቅ፣ ማባበል፣ ይዋዥቅ፣ ዐዋጅ ነጋሪ

መልመጃ 3፦ አያያዥ ቃላት

«ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «ከዚህ የተነሣ» እና «ሆኖም» ከሚሉት አያያዦች ምክንያትንና ውጤትን የሚያገናኙት የትኞቹ ናቸው? ተቃርኖን የሚያሳዩትስ? ቀጥሎ ያሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በሚስማማው አያያዥ አገናኟቸው።

ሀ. አዶ በ1931 ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ዝሆኖቹ ወደ እርሻ መግባታቸውን አልተዉም።
ለ. በደረቁ ወቅት ኩሬዎቹ ይደርቃሉ። እንስሳቱ በወንዞች ዙሪያ ይሰበሰባሉ።

መልመጃ 4፦ ድርሰት

በአካባቢያችሁ ከሚታወቁ የዱር እንስሳት ወይም አዕዋፍ አንዱን ምረጡ። በየትኛው ወቅት እንደሚታይና በዚያ ወቅት የሚታይበትን ምክንያት አስረዱ። ቀድሞ ከነበረው ቁጥሩ ጨምሮ ወይም ቀንሶ እንደ ሆነ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ከተረዳችሁ በኋላ፣ ከሦስት አንቀጽ የማያንስ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት አስተዋጽኦ አውጡ፤ ከጻፋችሁም በኋላ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ፍሬ ሐሳብ ብቻ የያዘ መሆኑን አረጋግጡ።